ለሻንጣ የተተወ ቦታ

ከአውሮፕላኑ ደረጃ ስወርድ አባቴ ሞቶ ነበር። ሊቀበሉኝ የመጡት አጎቴና የንስሐ አባታችን ያውቃሉ። ሾፌራቸው ያውቃል። ቀትር ሳይደርስ ደግሞ የበሩ ጥበቃ፣ ሻይ ሻጯ ሴትዮና የሻንጣ ክፍሏ ልጅ ሳይቀሩ ዐወቁ። በዚያች ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ሻንጣዬ አልመጣም።

የምኖረው ጀርመን አገር ነው። በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽማግሌ አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ አገላብጣለሁ። የሰው አባት እየጦርኩ የራሴን አባት ግን ደባርቅ ላይ ትንፋሽ ሲያጥረው በስልክ ነበር የማስታምመው። «ትራሱን ከፍ አድርጉለት፣ ጭስ አታስጠጉት፣ ለብ ያለ ውሃ ስጡት» እያልኩ እጮኻለሁ፤ እነሱም እሺ ይሉኛል። በመጨረሻ አጎቴ ደወሉና «ትንሽ ጠንከር ብሎበታል፤ ብትመጪ ደስ ይለዋል» አሉኝ። እንዲህ ያለ ነገር በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ለሌላ ሰው ሲባል ሰምቼ ስንት ጊዜ ከንፈሬን መጥጫለሁ። ለእኔ ሲባል ግን እንደተባለው አመንኩ። ደግሞም ያን ቀን አልዋሹኝም፤ አባቴ ገና በሕይወት ነበር። ያረፈው እኔ አውሮፕላን ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ የቀረበልኝን ዶሮ ጨው የለውም ብዬ ሳማርር ነው።

ከሻንጣዎቼ ሁሉ አንዱ ላይ ነበር ልቤ። እውነቱን ለመናገር ሌላ ሻንጣም አልያዝኩም። ለዘመድ አዝማድ ስጦታ ለመግዛት ጊዜ አልነበረኝም። የምሠራበት ቤት ያለውን ሐኪም ለምኜ ያጻፍኩት መድኃኒት አለ፤ መድኃኒቱን አትንኖ በአፍና በአፍንጫ የሚያስገባ ትንሽ ማሽንም አለ። ማሽኑ የእጅ ቦርሳዬ ውስጥ አልገባ አለ። መድኃኒቱን ከማሽኑ ለይቼ አልሄድም ብዬ ሁለቱን በፎጣ ጠቅልዬ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከተትኳቸው። አባቴን ቁጭ ብሎ ሳይሆን በጀርባው ተኝቶ እንዲያድር የማደርገው በዚህ ነው ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ መጣሁ።

ያረፍንበት ከደባርቅ በመኪና የሁለት ሦስት ሰዓት መንገድ የሚያስኬድ ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ ነው። ክረምት ነበር፤ ደመናው ከኮረብታው ላይ ወርዶ ሜዳው ላይ ተኝቷል። ከአውሮፕላኑ እስከ አዳራሹ በእግራችን ነው የሄድነው። አብዛኞቹ ወደ ስሜን ተራራ የሚወጡ ፈረንጆች ነበሩ። በር ላይ አንድ ሰው ቆሞ የውጭ አገር ፓስፖርት የያዝነውን ለብቻ አሰለፈን። እኔም የባዕድ ፓስፖርቴን ይዤ ከፈረንጆቹ ኋላ ተሰለፍኩ።

«የት ነው የምታርፊው?» አለኝ ተራዬ ሲደርስ።

«አባቴ ቤት።»

«የሆቴሉን ስም ነው።»

«ነገርኩህ እኮ፤ አባቴ ቤት ነው። ደባርቅ። ሆቴል አይደለም፣ ዐልጋው ግን አይከፋም።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ከልጅነቴ ጀምሮ ቁጡ ነኝ፤ እንቅልፍ ሳጣ ደግሞ ራሴንም አልችለውም። ሰውዬው ፓስፖርቴን አገላብጦ «እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ» ብሎ አሳለፈኝ።

ሻንጣ የሚያመላልሰው የጎማ ቀበቶ አጭር ነው፤ አንድ ጊዜ ዞሮ ያልቃል። የፈረንጆቹ ትላልቅ የጀርባ ቦርሳዎች ወጡ፤ የተራራ መውጫ በትራቸው ወጣ፤ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ምንጣፍ ወጣ። ጎማው ባዶውን ትንሽ ዞሮ ቆመ። እኔ ግን ቆሜ መጠበቄን ቀጠልኩ። የሻንጣ ክፍሏ ልጅ መጥታ የያዝኩትን ቁራጭ ወረቀት አየችና ሻንጣዬ አዲስ አበባ እንደቀረ፣ ከሰዓት በኋላ በሚመጣው አውሮፕላን እንደሚደርስ ነገረችኝ። ረጋ ብላ ነው የተናገረችው። እኔ ግን አዳራሹ እስኪያስተጋባ ጮኽኩባት።

ውጭ ስወጣ አጎቴና ካህኑ ከገመዱ ወዲያ ቆመዋል። አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ዳባት ላይ እህል ይነግዳሉ፣ ሲስቁ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። ያን ቀን ግን ጋቢያቸውን እስከ አፋቸው ተከናንበው ነበር። ትከሻዬን ይዘው ሳሙኝና አልለቀቁኝም፤ ናፍቆት ነው አልኩ። ካህኑ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው ከወትሮው ረዘም ያለ ጸሎት ደገሙ። ለመንገደኛ ነው አልኩ። ሾፌሩ ጎማ እየረገጠ ፊቱን አዞረ፤ እሱን ባለጌ ነው አልኩ።

«አባዬስ?»

«ይጠብቅሻል፤ ቶሎ እንሂድ እንጂ ልጄ» አሉ አጎቴ።

ካህኑ መዋሸት አይችሉም ነበር፤ ስለዚህ ያን ሙሉ ቀን ከአጠገቤ ትንሽ ራቅ ብለው ዋሉ።

ሻንጣዬ እንዳልመጣ ነገርኳቸው። አጎቴ ፊታቸው በራ፤ አሁን ሳስበው ከልባቸው ነው ደስ ያላቸው። «እሰይ፣ እንግዲያው ባዶ እጃችንን ውልቅ እንላለን! ነገ ልጆቹን ልከን እናስመጣዋለን። ግቢ፣ ግቢ።»

«ጋሼ፣ አልሄድም» አልኩ። «የአባዬ መድኃኒት እዚያ ውስጥ ነው። ዛሬ ማታ ነው የሚያስፈልገው። ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ መጥቼ ባዶ እጄን ገብቼ ሲታፈን ቁጭ ብዬ ልየው?»

«መድኃኒት ደባርቅም አለ።»

«እንደዚህ ያለ የለም!»

አጎቴ ካህኑን አዩ፤ ካህኑ መሬት አዩ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ ነበር፤ አጠፋው።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የፈረንጅ ጓዝ በበቅሎ ጭኖ በስሜን ተራራ ከደባርቅ ጨነቅ፣ ከጨነቅ አምቢኮ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። ዝናብም ይሁን ውርጭ የእንግዳ ዕቃ መንገድ ላይ ትቶ አያውቅም። አንዴ በቅሎዋ ገደል አፋፍ ላይ ተንሸራታ የአንዲት ፈረንጅ ቦርሳ ወደታች ሲንከባለል፣ ጓደኞቹ «ተወው፣ ነፍስህ ትበልጣለች» እያሉት በገመድ ወርዶ አውጥቶታል። ይህን ታሪክ ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ ነግሮናል። እኔም ያን ቀን መኪና ማቆሚያው ላይ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ «የእሱ ልጅ ነኝ፤ ጭነት ሜዳ ጥዬ አልገባም» አልኩ። አጎቴ ይህን ሲሰሙ ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡት።

እንደዚህ ሆነን ጠበቅን።

ችግሩ አንዴ ከአዳራሹ ከወጡ ያለ ቲኬት መመለስ አለመፈቀዱ ነው። እኔ ደግሞ ልጅቷን በየጊዜው ሄጄ ካልጠየቅኋት አውሮፕላኑ የሚመጣ አይመስለኝም። ጥበቃው መጀመሪያ ከለከለኝ። ፓስፖርቴን ከፍ አድርጌ «ዓለም አቀፍ መንገደኛ ነኝ፣ ሻንጣዬን ያጠፋችሁት እናንተ ናችሁ፣ አለቃህን ጥራልኝ» አልኩት። አለቃው አልመጣም። ከትንሽ ጊዜ በኋላ ግን አጎቴ ወደ ጥበቃው ጠጋ ብለው ጆሮው ላይ አንድ ነገር ሲሉት አየሁ። ሰውዬው ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ በኋላ ልግባ ስል በሩን ከፍቶ ዞር ይልልኛል። ቦርሳዬንም አልፈተሸም።

ነገሩ እየተለወጠ ሄደ። ሻይ ሻጯ ሴትዮ ሳልጠይቃት ሻይ አመጣችልኝ፤ ሒሳብ ስል እጄን መለሰችው። አንድ ሰው ከቢሮ መቀመጫው ስፖንጅ የሆነ ወንበር አውጥቶ ሰጠኝ። የሻንጣ ክፍሏ ልጅ፣ ያቺ የጮኽኩባት፣ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለችና «ወደ አዲስ አበባ ደውያለሁ እህቴ፣ በመጀመሪያው ጭነት ነው የሚያስገቡልሽ» አለችኝ። እኔ ምን አሰብኩ? ጩኸቴ ሠራ ብዬ አሰብኩ። እዚህ አገር ካልጮኹ ማንም አይሰማም፣ እንዲህ ነው እንጂ ብዬ እግሬን አጣጥፌ የለቀስተኛ ወንበር ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩ። ያን ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል። የሰጡኝ ሁሉ የእዝን ነበር፤ እኔ ግን እንደ መብቴ ተቀበልኩት።

አጎቴ ስልካቸውን ይዘው በዝናቡ ውስጥ እየወጡ እየገቡ ነው። አንዴ ሳልፍ «ትንሽ ያዙልን እባካችሁ፣ ትንሽ ብቻ» ሲሉ ሰማኋቸው። ምሳ መሰለኝ። ምሳ እንዳይበርድ ሴቶቹን እየለመኑ መሰለኝና ዘመዶቼን ወደድኳቸው።

የያዙት ምሳ አልነበረም። ደባርቅ ላይ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ፍትሐቱ ደርሶ፣ አስከሬኑ እኔን ይጠብቅ ነበር። ከገጠር የመጣው ለቀስተኛ ሳይመሽ አገሩ መግባት አለበት፤ በዚያ ሰሞን ከጨለመ በኋላ መንገዱ ላይ የሚንቀሳቀስ አልነበረም። አስከሬኑም አንድ ሌሊት አድሯል። ካህናቱ ከዚህ በላይ አናቆይም ብለው አጎቴን በስልክ ይወተውቷቸዋል። አጎቴም ያቺ ሴት ትነሣልኛለች እያሉ ይለምኗቸዋል። ያቺ ሴት እኔ ነኝ፤ ስፖንጅ ላይ ተቀምጬ ሻይ እጠጣለሁ።

አንድ ጊዜ ካህኑ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ያገላብጣሉ።

«ልጄ፣» አሉ፣ «ሰው በዚህ ዓለም እንግዳ ነው። የእግዚአብሔር ፈቃድ ሲሆን ...»

«አባ፣ ይፍቱኝ» አልኩ፤ «ስብከቱን ማታ ቤት ይደርሱበታል። አሁን አውሮፕላኑ እንዲመጣ ይጸልዩልኝ።»

አፋቸው ትንሽ ተከፍቶ ቀረ። ከዚያ «እሺ ልጄ» ብለው ተነሥተው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ አልሞከሩም። እኚህን ሰው በዚያች ደቂቃ ባላቋርጣቸው ኖሮ እያልኩ ስንት ሌሊት እንደተገላበጥኩ እግዜር ይወቀው።

የሻንጣ ክፍሏ ልጅም ሞክራለች። ቀትር ካለፈ በኋላ ደመናው ስላልተነሣ አውሮፕላኑ መዘግየቱን ልትነግረኝ መጣችና እጄን ያዘች። «እህቴ፣ ሂጂ በቃ። ሻንጣሽን እኔ ራሴ አምጥቼልሽ ደባርቅ ድረስ እመጣለሁ። በእናቴ እምልልሻለሁ። አሁን ግን ሂጂ፤ አባትሽ ...» አለችና ድምፅዋ ተሰበረ።

«አባቴ መተንፈስ አልቻለም!» አልኳት። «ያልገባችሁ ነገር ምንድን ነው? ሰው መተንፈስ ሲያቅተው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ልጅቷ ተነሥታ ወደ ውስጥ ሮጠች። ከግድግዳው ወዲያ ስታለቅስ ሰማኋት። እንዴት ያለች ሆደ ባሻ ናት፣ እንዲህ ሆና እንዴት ከመንገደኛ ጋር ትሠራለች ብዬ ለሻይ ሻጯ ነገርኳት። ሴትዮዋ ብርጭቆ የምታጸዳ መስላ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ቆይቶ አጎቴ ከስልኩ ጋር ወደ መኪና ማቆሚያው ጥግ ሄዱ። በመስታወቱ አየኋቸው። ለጥቂት ጊዜ ሲያዳምጡ ቆዩ። ከዚያ «በሉ እንግዲህ፣ እኛን አትጠብቁ» ብለው ስልኩን ዘጉና የመንገዱ ጠርዝ ላይ፣ ጭቃው ውስጥ ቁጭ አሉ። ወጥቼ «ጋሼ፣ ምን ሆኑ? ልብስዎ ይበላሻል እኮ» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «ደክሞኝ ነው» አሉ። እጄን ሰጥቼ አነሣኋቸው። አባቴን ተሸክመው ከግቢው ያወጡት ያኔ ነው።

አውሮፕላኑ መጣ። መጀመሪያ ድምፁ ብቻ ነበር፤ ከደመናው በላይ ዞረ፣ ራቀ፣ ተመለሰ። እኔ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ስለት እየተሳልኩ ነበር። ሲያርፍ አጨበጨብኩ። ሻንጣዬ ከሁሉ በፊት ወጣ፤ ልጅቷ ቃሏን አክብራለች። እዚያው ወለሉ ላይ ከፈትኩት፤ ፎጣው ሳይፈታ፣ ማሽኑ ሳይሰበር፣ መድኃኒቱ ሳይፈስ ደርሷል። ከፍ አድርጌ አሳየኋት። ዓይኗ ቀልቶ ፈገግ ልትልልኝ ሞከረች። ስንወጣ ጥበቃው፣ ሻይ ሻጯ፣ ያ ወንበር ያወጣልኝ ሰው በሩ ላይ ተደርድረው ቆመው ነበር። ሴትዮዋ ነጠላዋን ወደ አፏ አድርጋለች። ሸኙኝ ብዬ እጄን አወዛወዝኩላቸው።

መኪናዋ ትንሽ ናት። ኋላዋ በትርፍ ጎማና በነዳጅ ጀሪካን ተይዞ ስለነበር ሻንጣው በእኔና በካህኑ መካከል ተቀመጠ። መንገዱን ሙሉ አወራሁ። ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ፣ መብራት ቢጠፋ በባትሪ እንደሚሄድ፣ አባዬ ጭምብሉን መጀመሪያ እንቢ ቢልም በኋላ እንደሚለምደው። «ሽማግሌ ማባበል የእኔ ሥራ ነው፤ ለእኔ ተዉልኝ» አልኩ። ሾፌሩ በመስታወቱ አንዴ አየኝና ዳግመኛ አላየኝም። አጎቴ ከፊት ተቀምጠው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ብርድ ነው አልኩ፤ መስኮቱን እንዲዘጉት ነገርኳቸው።

ዳባትን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ሰዎች መጡ። መጀመሪያ ጥቂት ነጭ የለበሱ፤ ከዚያ ብዙ። በመንገዱ ግራና ቀኝ በእግራቸው ወደ እኛ ይመጣሉ፤ አንድ አይሱዙም ሙሉ ሰው ጭኖ አለፈ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቶ አንገታቸው ላይ ነው። የቀብር ተመላሾች ናቸው።

«የማን ቀብር ነው?» አልኩ።

ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ጋሼ፣ የማን ቀብር ነው?»

መኪናችን ሲቀርብ ሰዎቹ ከአስፋልቱ ወርደው ቆሙ። ለመኪና መንገድ የሚለቅ ሰው እንዲህ አይቆምም። ወንዶቹ ኮፍያቸውንና ሻሻቸውን አውልቀዋል። ከመካከላቸው አንዲትን ሴት አወቅኋት፤ የአጥር ጎረቤታችን ናት፣ ልጅ ሆኜ ጸጉሬን የምትሠራኝ። እሷም በመስኮቱ አየችኝ። ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነችና እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

ካህኑ በሻንጣው ላይ እጃቸውን አሳልፈው የእጄን አንጓ ያዙ። ያኔ ዐወቅሁ።

ከዚያ የሆነውን ሁሉ አላስታውስም። በሩን ለመክፈት እንደታገልኩ፣ ሾፌሩ እንደቆመ፣ ወርጄ ጭቃው ላይ እንደወደቅሁ አስታውሳለሁ። ግንባሬን ከአስፋልቱ ጠርዝ ጋር አጋጨሁት፤ ጠባሳው አሁንም አለ። ካህኑ ሊይዙኝ እየፈለጉ ሴት መያዝ ስላልሆነላቸው የሹራቤን እጅጌ ብቻ ጨምድደው «ልጄ፣ ልጄ» ይላሉ። አጎቴ አጠገቤ ተንበርክከው እንደ ሕፃን ያለቅሳሉ።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» እጮኻለሁ። «ጠዋት ለምን አልነገራችሁኝም? እቀብረው ነበር እኮ! ፊቱን አየው ነበር እኮ!»

«እንዴት አድርጌ ልጄ!» አሉ አጎቴ። «አክስትሽ አብራን ልትመጣ መኪና ውስጥ ገብታ ተቀምጣ ነበር። እሷ ልትይዝሽ፣ መንገድ ላይ ቀስ ብለን ልንነግርሽ ነበር የተማከርነው። ኋላ እኔው አወረድኳት። ከውጭ የሚመጣ ሰው ሻንጣው ብዙ ነው፣ ቦታ አይበቃንም ብዬ አወረድኳት። ያለ ሴት፣ የሚደግፍሽ በሌለበት፣ በዚያ ሲሚንቶ ላይ፣ በሰው አገር ሰው ፊት እንዴት አድርጌ ላርዳሽ? እንዲህ ሆነሽ ብትቀሪብኝስ?»

ቀና ብዬ መኪናውን አየሁ። በሩ ተከፍቷል፤ ሻንጣው አክስቴ ልትቀመጥበት በነበረው ቦታ ላይ ተቀምጧል።

ደባርቅ ስንደርስ ለዓይን ያዝ አድርጎ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ አካፋ የያዙ ሁለት ሰዎች ብቻ ቀርተዋል። አፈሩ እርጥብ ነው፣ ድንጋዩ ተደርድሯል፣ ላዩ ላይ የሰው ዱካ ሞልቷል። ሰው ሁሉ ከእኔ በፊት ረግጦት ሄዷል። ተደፋሁበት። ምን እንዳልኩት አልናገርም፤ ለእሱ ያልኩት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልናገር፤ በዚያ ሰዓት ያዘንኩት ለሞቱ አልነበረም። እሱ አርጅቷል፣ ታሟል፣ ማረፍ ይገባዋል። እኔን የገደለኝ ያን ሙሉ ቀን በሳጥን ሆኖ እኔን መጠበቁ ነው። ሰው ሞቶ እንኳ ጠበቀኝ፤ እኔ ጭነት እጠብቅ ነበር።

ያኔ ሴቶቹ መጡ። አክስቴም መጣች። ስንት እጅ እንደያዘኝ አላውቅም፤ ወገቤን፣ ብብቴን፣ ራሴን ያዙኝ። ጠዋት አንዲት እንኳ ያጣሁትን ደጋፊ ሴት ማታ በሰልፍ አገኘሁ። ልቀቁኝ አልኩ፤ አለቀቁኝም። ወደ ቤት ወስደው ድንኳኑ ውስጥ መካከላቸው አስቀመጡኝ፤ ግንባሬን አጠቡልኝ። አጎቴ ከወንዶቹ ጋር ጥግ ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን ይዘዋል። ልጠላቸው ፈለግሁ። ደግሞም ለጥቂት ጊዜ ጠላኋቸው። አክስቴን ለምን በግድ አልተሳፈርሽም ብዬ ተቆጣኋት፤ እሷም «ሻንጣ ይበዛል ሲሉኝ እውነት መሰለኝ» አለች። እንዲህ ነው የቀረሁት፤ ማንም ክፉ ሳያስብብኝ።

ከመሸ በኋላ የእጅ ስልኬ ጮኸ። ታናሽ እህቴ ናት፤ የሁላችን ታናሽ። ዓረብ አገር በአንድ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ስልክ የሚፈቅዱላት አሠሪዎቿ ራት እስኪበሉ ባለችው ጥቂት ጊዜ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ቋንቋዋን የሚሰማ የለም። የምታድረው ወጥ ቤቱ አጠገብ ባለ ጠባብ ክፍል ብቻዋን ነው።

ስልኩ ላይ ስሟን ሲያዩ ሴቶቹ በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። አልቃሿ ግጥሟን አቋረጠች። ማንም አላዘዘኝም። አዩኝ ብቻ። ተነሥቼ ከድንኳኑ ወጣሁ፤ ድምፅ እንዳይገባ ከቤቱ ጀርባ በጎች ከሚታጎሩበት አለፍ ብዬ ቆምኩ።

«ደረስሽ?» አለችኝ። «አባዬ እንዴት ነው? ሌሊቱን ሲያስጨንቀኝ አደረ፤ መጥፎ ሕልም አይቼ።»

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ቀኑን ሙሉ ስጮኽ ስለዋልኩ ድምፄ ሻክሯል።

«ጉንፋን ይዞሻል?»

«አዎ፣ ብርዱ ነው» አልኳት።

«አባዬስ?»

ማን ይይዛት ነበር? እዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በዚያ ሲሚንቶ ላይ ማን ይደግፋት ነበር?

«ደህና ነው» አልኳት። «መድኃኒቱን አመጣሁለት። አሁን ተኝቷል።»

በረዥሙ ስትተነፍስ ሰማኋት። «ተመስገን» አለች። «እኔ ባልደርስለት እንኳን አንቺ ደረስሽለት።»

«አዎ፣» አልኳት፣ «ደረስኩለት።»